ቪፒኤንን ቤት ራውተር ላይ መግጠም፦ ኢንተርኔት በሚታገድበት ቦታ የትኛው አማራጭ ያዋጣል?

ቪፒኤን፣ ማለትም ትራፊካችሁን አመስጥሮ ሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ መሣሪያ፣ ስልክ ላይ መጫን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴሌቪዥኑስ? የልጆቹ ጌም መጫወቻስ? አፕ የማይቀበል ዕቃ ቤት ውስጥ ሲበዛ ሰው ፊቱን ወደ ራውተሩ ያዞራል። ወይም ደግሞ «ቪፒኤኑ እምቢ አለኝ» እያለ ስልኩን የሚያቀብለው የቤተሰብ አባል ይበዛና ይሰለቻል። አንዴ ራውተሩ ላይ ከተገጠመ በዋይፋዩ የገባ ሁሉ ምንም ሳይነካ ያልፋል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግራ የሚያጋባው ምርጫው ነው። አብዛኞቹ ማወዳደሪያዎች የሚጻፉት እገዳ ለማያውቅ ሰው ነው። ፍጥነት ይለካሉ፣ የሰርቨር አገሮችን ይቆጥራሉ። ኢንተርኔት በሚታገድበት ቦታ ግን ማታ ሲሠራ ያደረ ነገር ጠዋት ላይ ጸጥ ሊል ይችላል። ስለዚህ እኔ ዕቃ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲዘጋብኝ ምን ያህል ቶሎ ልቀይረው እችላለሁ?

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቋረጥ የትኛውም ቪፒኤን አይሠራም። ታነል፣ ማለትም በእናንተና በቪፒኤን ሰርቨሩ መካከል ያለው የተመሰጠረ መንገድ፣ የሚኖረው ቢያንስ የሆነ ነገር ወደ ውጭ ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው ሕግ ነው። ቻይና የምትፈቅደው መንግሥት ያጸደቀውን ቪፒኤን ብቻ ነው። ሩሲያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ እገዳ ማለፊያ መንገዶችን ማስተዋወቅን ከልክላለች። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡ። የቤት መስመር የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው፤ የቤቱ ሁሉ ትራፊክም በዚያው ስም ነው የሚታየው።

## መለኪያዎቹ

መደበቅ። ቪፒኤን ያመሰጥራል፤ ያመሰጠረ ሁሉ ግን ተደበቀ ማለት አይደለም። ማገጃው ውስጡን ባያነብም «ይሄ ቪፒኤን ነው» ብሎ ከለየው ይበቃዋል፣ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ ቪፒኤንነቱን የሚሸፍን ፕሮቶኮል (ደንበኛውና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት ደንብ) መጫን ይችላል ወይ?

መቀያየር። አዲስ ፕሮቶኮል ለመጨመር አምራቹ አዲስ ፋርምዌር (የራውተሩን ውስጣዊ ሶፍትዌር) እስኪያወጣ መጠበቅ ካለባችሁ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ራሳችሁ መጫን ከቻላችሁ ግን በአንድ ምሽት ያልቃል። ከሁሉም መለኪያ የማስበልጠው ይሄንን ነው።

ትራፊክ መለየት። ሁሉም ነገር በውጭ አገር በኩል ዞሮ እንዲመጣ አትፈልጉም። የባንክ አፕ ከውጭ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) ስትገቡ ሊቆልፋችሁ ይችላል። አንዳንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ደግሞ ከአገር ውጭ ጭራሽ አይከፈትም። የታገደውን ብቻ በታነል፣ ሌላውን በቀጥታ መስደድ የሚችል ዕቃ ያስፈልጋል። ይህ ለፍጥነትም ይጠቅማል። ደግሞም ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ትራፊኩ በሙሉ ወደ አንድ የውጭ አድራሻ የሚፈስ ቤት ራሱ ዓይን ይስባል።

ሲበላሽስ? ቪፒኤኑ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ያጣል? ወይስ መደበኛው መስመር ይቀጥላል?

አቅም። ምስጠራ ፕሮሰሰር ይበላል፤ አዳዲሶቹ የመደበቂያ ፕሮግራሞች ደግሞ ሜሞሪም ቦታም ይፈልጋሉ። ዋጋን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለማይከብድ አይደለም። ርካሹ አማራጭ አንዳንዴ ከላይ ያሉትን ሁሉ ስለሚያሟላ ነው።

## መጀመሪያ እገዳውን እወቁት

ሁሉም እገዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀላሉ የዲኤንኤስ ነው፦ የድረ ገጹን ስም ስትጠይቁ የውሸት አድራሻ ይመለስላችኋል። ይህ ብቻ ከሆነ ቪፒኤን ላያስፈልጋችሁም ይችላል። ራውተሩ ላይ የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ማብራት ይበቃል፤ ወጪም የለውም።

ቀጥሎ የአይፒ አድራሻ እገዳ አለ። ከዚያ ደግሞ ኤስኤንአይ የሚባለው። ብራውዘራችሁ ግንኙነት ሲጀምር የሚፈልገውን ድረ ገጽ ስም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይልካል፤ ማገጃው ስሙን አይቶ ይቆርጣል። ለእነዚህ ማንኛውም ደህና ቪፒኤን መፍትሔ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ማገጃው ፓኬቱን (በመስመሩ የሚያልፈውን የዳታ ቁራጭ) በጥልቀት መመርመር ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ የሚፈልገው የሄዳችሁበትን ቦታ ሳይሆን የቪፒኤኑን ቅርጽ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ ማገጃው የጠረጠረውን ሰርቨር ራሱ ደንበኛ መስሎ ያንኳኳል። ሰርቨሩ እንደ ቪፒኤን ከመለሰ አለቀለት።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ዋየርጋርድ የሚባለውን የቪፒኤን ፕሮቶኮል ሞክሩና የራውተሩን የሁኔታ ገጽ ክፈቱ። የተላከና የተቀበለ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የተላከው 148፣ ከዚያ 296፣ ከዚያ 444 ባይት እያለ እየጨመረ የተቀበለው 0 ላይ ደርቆ ከቀረ፣ ራውተራችሁ በየ5 ሰከንዱ ገደማ በር እያንኳኳ መልስ አላገኘም ማለት ነው። የዋየርጋርድ የመጀመሪያ መልእክት ሁልጊዜ ልክ 148 ባይት ነውና። ቁልፉ ተሳስቶ ወይም ሰርቨሩ ጠፍቶም ቢሆን መልኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ያንኑ ሰርቨር እገዳ በሌለበት አገር ያለ ወዳጃችሁ ይሞክርላችሁ። እሱ ጋ ሠርቶ እናንተ ጋ ካልሠራ መንገድ ላይ እየተቆረጠ ነው። ማገናኘቱ ተሳክቶ ትንሽ ቆይቶ ትራፊኩ የሚሞትበት ጊዜም አለ፤ እሱም ያው እገዳ ነው።

## ፕሮቶኮሎቹ

ፒፒቲፒ የሚባለውን አሮጌ ፕሮቶኮል እርሱት። የሚስጥር ቃል ማረጋገጫው እ.ኤ.አ. በ2012 በአደባባይ ተሰብሯል። ኤልቱቲፒም በቀላሉ ስለሚለይ እዚህ አያዋጣም።

ኦፕንቪፒኤን የቆየ፣ በብዙ ራውተር ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ነው። ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ደካማ ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ራውተር ላይ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 20 ሜጋቢት በሰከንድ አካባቢ ሲደርስ ይደክመዋል። መስመራችሁ 100 ቢሆንም ያው ነው። ሁለተኛ፣ በቀላሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ኢንተርኔት አቅራቢ መስመር ላይ ሞክረውት ከኦፕንቪፒኤን ግንኙነቶች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ለይተዋል። ወደ 443 ፖርት (ተራ ድረ ገጾች ወደሚጠቀሙበት የግንኙነት በር ቁጥር) መቀየር ይረዳል የሚል ምክር በየቦታው ታያላችሁ። የፖርት ቁጥር ብቻ የሚያይ ማገጃ ሊያልፍ ይችላል፤ ቅርጽ የሚያይ ማገጃን ግን አያታልልም።

ዋየርጋርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሊነክስ ከርነል ውስጥ የገባ ነው። ቀላልና ፈጣን ነው፤ በደካማ ራውተርም ላይ ከኦፕንቪፒኤን በብዙ ይሻላል። ግን ሊደበቅ ተብሎ አልተሠራም። የመጀመሪያው መልእክት 148 ባይት፣ መልሱ 92 ባይት፣ አጀማመራቸውም ሁሌ አንድ ነው። ለማገጃው ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ሩሲያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ኦፕንቪፒኤንም ዋየርጋርድም በስፋት ሲቆራረጡ የታየው ለዚህ ነው።

አምኔዚያ ደብሊውጂ ያንኑ ዋየርጋርድ አልብሶ የሚያወጣው ነው። የመልእክቶቹን መጠንና አጀማመር ይቀይራል፤ ከመጀመሪያው መልእክት በፊትም ትርጉም የሌላቸው ፓኬቶች ይረጫል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። ከሁሉም ማስተካከያዎች የሚረጨውን ቆሻሻ ፓኬት ብቻ ካበራችሁ ሰርቨሩ ተራ ዋየርጋርድ ቢሆንም ይሠራል፤ ሰርቨሩ የማያውቃቸውን ፓኬቶች ዝም ብሎ ይጥላቸዋል። መጠኑንና አጀማመሩን ከቀየራችሁ ግን ሁለቱም ወገን ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር መግባት አለበት። ፍጥነቱ ስለማይጎዳ ራውተር ላይ መጀመሪያ የምሞክረው እሱን ነው።

ሻዶውሶክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ቻይና ውስጥ እገዳን ለማለፍ የተሠራ ነው። በትክክል ካያችሁት ቪፒኤን ሳይሆን ፕሮክሲ፣ ማለትም በመካከል ሆኖ ግንኙነት የሚያስተላልፍ፣ ነው። ትራፊኩ ምንም የማይመስል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ለዓመታት አገልግሏል። ነገር ግን ምንም የማይመስል መሆንም ራሱ መለያ ሆነ፤ የቻይና ማገጃ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከመጀመሪያው ባይት አንስቶ ሙሉ በሙሉ የተመሰጠረ ትራፊክን መቁረጥ ጀመረ። እገዳው መካከለኛ በሆነበት አገር ዛሬም ጥሩ ነው። ለመግጠም ቀላል ነው፣ ራውተሩንም አያደክምም።

ቪለስ የሚባለው ፕሮቶኮል ሪያሊቲ ከሚባለው መደበቂያ ጋር ለከባዱ እገዳ ነው። ዝብርቅርቅ ከመምሰል ይልቅ ተራ የድረ ገጽ ጉብኝት ይመስላል። ማገጃው ሰርቨሩን ቢያንኳኳ የአንድ ትልቅና የታወቀ ድረ ገጽ እውነተኛ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ይመለስለታል። ትክክለኛውን ቁልፍ የያዘ ደንበኛ ብቻ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ትሮጃን የሚባለውም በተመሳሳይ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ ለእሱ ግን የራሳችሁ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) እና ሰርተፊኬት ያስፈልጋል። ድክመታቸው ክብደታቸው ነው። እነሱን የሚያሄዱት ኤክስሬይ ወይም ሲንግቦክስ የሚባሉት ፕሮግራሞች በ16 ሜጋባይት ፍላሽ (የራውተሩ ማከማቻ ቦታ) እና በ64 ሜጋባይት ሜሞሪ ራውተር ላይ መተንፈሻ አያገኙም። ቢያንስ 128 ሜጋባይት ፍላሽና 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ያለው ዕቃ ፈልጉ።

ሂስቴሪያ 2 ዩዲፒ በሚባለው፣ መድረሱን ሳያረጋግጥ ፓኬት በሚልክ ዘዴ ላይ ይሮጣል። ፓኬት በሚጠፋበት መጥፎ መስመር ላይ ግሩም ነው። ዩዲፒ በሚታነቅበት ቦታ ደግሞ ከንቱ ነው። መሞከር ነው።

## የት ላይ ይገጠም?

ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣው ራውተር። አትንኩት። ብዙዎቹ ቪፒኤን የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የተቆለፉ ናቸው። አቅራቢው ቲአር-069 በሚባል መንገድ ከሩቅ ገብቶ ሴቲንጉን ማየትም መቀየርም ይችላል። የቪፒኤን ቁልፋችሁን እዚያ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም።

ቪፒኤን ተዘጋጅቶለት የሚሸጥ ራውተር። ለመግጠም ቀላሉ ይህ ነው። ፋይል መጫን፣ ማብራት፣ አለቀ። ግን ካርቶኑ ላይ «ቪፒኤን» የሚል ጽሑፍ ስላያችሁ ብቻ እንዳትገዙ። ብዙ ርካሽ ራውተር ያለው ቪፒኤን ሰርቨር ነው፤ ከውጭ ሆናችሁ ወደ ቤታችሁ የምትገቡበት ማለት ነው። እናንተ የምትፈልጉት ቪፒኤን ክላይንት ነው። ክላይንት ካለውም የትኛውን ፕሮቶኮል እንደሚችል እዩ። ፒፒቲፒና ኤልቱቲፒ ብቻ ከሆነ መልሱለት። ኦፕንቪፒኤንና ዋየርጋርድ ካለው ቀላል እገዳ ላለበት ቦታ ይበቃል። ከባድ እገዳ ባለበት ግን እነዚህ ሁለቱ የተዘጉ ቀን ራውተሩ ተራ ራውተር ሆኖ ይቀራል። አዲስ ፕሮቶኮል መጨመሪያ በር የለውም።

ያላችሁ ራውተር ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ መጫን። ኦፕንደብሊውአርቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ነጻ የራውተር ሲስተም ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሁሉ ሊያሄድ ይችላል፤ ዕቃው አቅም ካለው። ዋናው ጥንቃቄ የሞዴል ጉዳይ ነው። ራውተሩን ገልብጡና ተለጣፊውን አንብቡ፤ ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ የእትም ቁጥር አለ። አንድ ስም ያላቸው እትም 2 እና እትም 4 ውስጣቸው ጭራሽ የተለየ ቺፕ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ፋርምዌር ከገባ ራውተሩ ሞቶ ይቀራል። ፕሮጀክቱ ራሱ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ሜሞሪን ዝቅተኛው ወሰን ያደርገዋል፤ ይህ ግን ራውተር ሆኖ ለመሥራት እንጂ ለከባድ ፕሮክሲ አይደለም። የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፕ ያላቸው ብዙ ጊዜ በደንብ አይደገፉም። የሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ይሻላሉ። ቤት ውስጥ ያለው ራውተር አንድ ብቻ ከሆነ ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ላይ አትሞክሩ። ራውተሩም ይሞታል፣ ማስተካከያውን የምትፈልጉበት ኢንተርኔትም አብሮ ይሄዳል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ሁለተኛ ዕቃ ከኋላ መግጠም። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የአቅራቢው ራውተር እንዳለ ይቆያል። ከእሱ አንድ ኬብል ወጥቶ ኦፕንደብሊውአርቲ ወዳለበት ትንሽ ራውተር፣ ወይም ወደ ራስቤሪ ፓይ (በጣም ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ወይም ወደ ሚኒ ኮምፒውተር ይገባል። አሁን ቤቱ ሁለት ዋይፋይ አለው፤ አንዱ ቀጥታ፣ አንዱ በታነል። ታነሉ ሲወድቅ ቤተሰቡ ወደ ሌላው ዋይፋይ ይዞራል፤ ማንም ደውሎ አይጠራችሁም። እናንተም በእርጋታ ታስተካክላላችሁ። የባንኩን አፕ ለመጠቀምም ዋይፋይ መቀየር ብቻ ነው፤ የተወሳሰበ ሕግ መጻፍ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚደናቀፍበት አንድ ድንጋይ አለ። ኦፕንደብሊውአርቲ ሲጫን አድራሻው 192.168.1.1 ነው። የአቅራቢው ራውተርም ብዙ ጊዜ ያው 192.168.1.1 ነው። ሁለቱ ሲጋጩ ኢንተርኔት የለም፣ ምክንያቱም አይታይም፣ ሰው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል። የኋለኛውን ወደ 192.168.8.1 ቀይሩትና ችግሩ ያልቃል።

ከዕቃዎቹ መካከል፣ ራስቤሪ ፓይ 4 ኤኢኤስ የሚባለውን ምስጠራ የሚያፋጥን የፕሮሰሰር ክፍል የለውም፤ ፓይ 5 አለው። ዋየርጋርድ በሌላ የምስጠራ ዘዴ ስለሚሠራ በ4ም ችግር የለበትም። ኦፕንቪፒኤን ወይም ቪለስ ከሆነ ግን 5 ወይም ሚኒ ኮምፒውተር ይሻላል። ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁም አትናቁት። የሚበላው መብራት ነው እንጂ አቅሙ ከብዙ አዲስ ራውተር ይበልጣል።

ላፕቶፕ ወይም ስልክ ማጋራት። ገንዘብ ሳይወጣ የሚሞከር ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ቪፒኤን አብርታችሁ ሆትስፖት ማጋራት ይቻላል። ስልክ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ አንድሮይድ ላይ ቪፒኤን አብርታችሁ ሆትስፖት ብትከፍቱ፣ በሆትስፖቱ የገባው ሰው ብዙውን ጊዜ በቪፒኤኑ አያልፍም። ስልካችሁ ያልፋል፣ የእሱ አያልፍም። አንዳንድ የፕሮክሲ አፖች ከሌላ ዕቃ የሚመጣ ግንኙነት የሚቀበሉበት ሴቲንግ አላቸው። እሱን አብርታችሁ ቴሌቪዥኑ ላይ የስልኩን አድራሻ እንደ ፕሮክሲ ማስገባት ይሞከራል። ለአንድ ምሽት ኳስ ይሆናል። ለዘወትር አይሆንም።

| አማራጭ | መደበቅ | መቀያየር | ትራፊክ መለየት | ሲበላሽ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአቅራቢው ራውተር | የለም ማለት ይቻላል | አይቻልም | የለም | ቤቱ ሁሉ ይቆማል | የለም |
| ቪፒኤን ክላይንት ያለው ዝግጁ ራውተር | ደካማ | አምራቹን መጠበቅ | በዕቃ ደረጃ፣ በአንዳንዶቹ | ቤቱ ሁሉ ሊቆም ይችላል | መካከለኛ |
| ያለው ራውተር ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ መጫን | ጥሩ፣ አቅም ካለው | በእጃችሁ | በዕቃም በድረ ገጽም | ቤቱ ሁሉ ሊቆም ይችላል | ዝቅተኛ፣ ግን ድካም አለው |
| ከኋላ ሁለተኛ ትንሽ ራውተር | ጥሩ | በእጃችሁ | በዋይፋይ መለየት ይበቃል | ቀጥታው መስመር ይቀጥላል | መካከለኛ |
| ከኋላ ራስቤሪ ፓይ 5 ወይም ሚኒ ኮምፒውተር | በጣም ጥሩ | በእጃችሁ | ሙሉ በሙሉ | ቀጥታው መስመር ይቀጥላል | ከፍ ያለ |
| ላፕቶፕ ማጋራት | እንደ አፑ | ቀላል | የለም ማለት ይቻላል | ሌላው አይነካም | የለም |

## ሰርቨሩስ ከየት ይምጣ?

ሁለት መንገድ አለ፤ በየወሩ የሚከፈልበት የንግድ ቪፒኤን ወይም የራሳችሁ ኪራይ ሰርቨር።

የንግዱ ብዙ አድራሻ አለው፤ አንዱ ሲዘጋ ወደ ሌላው መዞር ነው። ግን አድራሻዎቹ ስለሚታወቁ ማገጃውም ዝርዝሩን ይይዛል። ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው። ብዙ ኩባንያዎች የሚያስተዋውቁት የመደበቂያ ዘዴ የሚሠራው በራሳቸው አፕ ውስጥ ብቻ ነው። ለራውተር የሚሰጧችሁ ፋይል ተራ ኦፕንቪፒኤን ወይም ተራ ዋየርጋርድ ነው። ስልክ ላይ ሲሠራ አይታችሁ የዓመት ትከፍላላችሁ፣ ራውተር ላይ ስትጭኑት እምቢ ይላል። ከመክፈላችሁ በፊት ለድጋፍ ክፍላቸው «የመደበቂያውን ፕሮቶኮል ራውተር ላይ እንድጭን ፋይል ትሰጡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዙሪያ ጥምጥም ከመለሱ መልሱ «አይ» ነው። ለማንኛውም የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ። የዓመት ቅናሽ እገዳ ባለበት ቦታ ቅናሽ አይደለም።

የራስ ሰርቨር አድራሻው በሕዝብ ዝርዝር ላይ የለም። የፈለጋችሁትን ፕሮቶኮል ትጭናላችሁ። ቢዘጋ አሮጌውን አጥፍቶ አዲስ አድራሻ መውሰድ ነው። አምኔዚያና አውትላይን የሚባሉት ነጻ መሣሪያዎች አብዛኛውን ሥራ ራሳቸው ስለሚሠሩ ኮማንድ መጻፍ የማይችል ሰውም ይወጣዋል። አውትላይን ያኔ የጉግል እህት ኩባንያ የነበረው ጂግሶው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን ከውስጥ ሻዶውሶክስ ነው። ችግሩ ክፍያው ነው፤ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ውጭ ያለ ዘመድ ቢከፍልላችሁ ይቃለላል። አንድ ነገር አትሳቱ፦ የራስ ሰርቨር እገዳ ያሳልፋችኋል እንጂ ማንነታችሁን አይሰውርም። በአካውንቱ የተመዘገበ ስም አለ፣ አድራሻውንም የምትጠቀሙት እናንተ ብቻ ናችሁ። ስለ ደኅንነቱ ለሚሰጋ ጋዜጠኛ ወይም አክቲቪስት ራውተር ላይ ያለ ቪፒኤን አይበቃም፤ እሱ ዕቃው ላይ ቶርን (ትራፊክን በብዙ ሰርቨሮች እያዞረ ማንነትን የሚሰውር መረብ) መጠቀም አለበት።

ነጻ የንግድ ቪፒኤን ላይ ቃል አላባክንም። ለመላው ቤት የሚበቃ ትራፊክ በነጻ የሚሰጥ ሰው ሌላ የሚሸጠው ነገር አለው።

## ከተገጠመ በኋላ የሚያናድዱ ነገሮች

ሰዓት። አብዛኛው ራውተር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል። ዋየርጋርድ ደግሞ በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ ሰዓት ይልካል፤ ሰርቨሩ ከዚህ በፊት ካየው ወደ ኋላ የሄደ ሰዓት ካገኘ የቆየ ቅጂ መስሎት ይጥለዋል። በሰርተፊኬት የሚሠሩትም ሰዓት ከተዛባ እምቢ ይላሉ። ራውተሩ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዳያስተካክል ደግሞ ሁሉም ነገር በታነል እንዲያልፍ አዛችሁታል፤ ታነሉ ገና አልተነሳም። ተቆላልፈው ይቀራሉ። መፍትሔው የሰዓት ማስተካከያው ከታነሉ ውጭ በቀጥታ እንዲወጣ ማድረግና የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በአይፒ ቁጥር ማስገባት ነው። መብራት በመጣ ቁጥር «ቪፒኤኑ ተዘጋ» የሚባልበት ቤት ብዙ ጊዜ የተዘጋበት ነገር የለም፤ ሰዓቱ ነው።

የቪፒኤን ሰርቨሩንም አድራሻ በቁጥር አስገቡት። በስም ካስገባችሁት ዲኤንኤሱ የታገደ ቀን ራውተሩ ሰርቨሩን ማግኘት ያቅተዋል።

ግማሽ የሚከፈት ገጽ። ቻት ይሠራል፣ ፍለጋ ይሠራል፣ ሥዕል ያለበት ገጽ ግን እየዞረ ይቀራል። ይህ እገዳ ላይሆን ይችላል፤ የፓኬት መጠን ነው። ዋየርጋርድ በተለምዶ ኤምቲዩውን (ትልቁን የፓኬት መጠን) 1420 ያደርጋል። መስመራችሁ ከዚያ በታች ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ትልልቁ ፓኬት ይጠፋል። ወደ 1380፣ ካልሆነም ወደ 1280 አውርዱትና እዩት።

መፍሰስ። ታነሉ አይፒቪ4ን (የቆየውን የአይፒ አድራሻ ዓይነት) ብቻ ይዞ መስመሩ አይፒቪ6 (አዲሱ) ካለው፣ ትራፊኩ በጎን ይወጣል። የአይፒቪ6 ታነል ከሌላችሁ በታነሉ ዋይፋይ ላይ አጥፉት። ዲኤንኤሱም በታነሉ እንደሚያልፍ አረጋግጡ። አለዚያ ቪፒኤኑ በርቶም አቅራቢው የምትጎበኙትን ስም ሁሉ ያያል።

## ለማን የቱ?

ኪስ ለሳሳበት ሰው፦ ምንም አትግዙ። በመጀመሪያ የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ሞክሩ። ካልበቃ ላፕቶፕ አጋሩ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለና ኦፕንደብሊውአርቲ ከደገፈው እሱን ከኋላ ግጠሙት። ሻዶውሶክስ ወይም አምኔዚያ ደብሊውጂ ለትንሽ ዕቃ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ቢሞትባችሁም የሞተው ትርፍ ዕቃ ነው።

እገዳው ቀላል ለሆነበትና ከኮምፒውተር ጋር መታገል ለማይፈልግ ሰው፦ ዋየርጋርድ ክላይንት ያለው ዝግጁ ራውተር ከንግድ ቪፒኤን ጋር በቂ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያንኑ ዋየርጋርድ ፋይል በኮምፒውተር ላይ፣ በቤታችሁ መስመር ሞክሩት። እዚያ ካልሠራ ራውተሩ ላይም አይሠራም።

እገዳው ለሚከብድበት ቤተሰብ፦ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚያሄድ፣ 256 ሜጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ሜሞሪ ያለው ትንሽ ራውተር ከአቅራቢው ራውተር ኋላ። ሰርቨሩ የራስ ይሁን። ሁለት ፕሮቶኮል ጎን ለጎን ይጫን፤ አምኔዚያ ደብሊውጂ ለፍጥነት፣ ቪለስ ከሪያሊቲ ጋር ለክፉ ቀን። አንዱ በዩዲፒ፣ አንዱ መድረሱን እያረጋገጠ በሚልከው በቲሲፒ ስለሚሄድ ሁለቱ አንድ ላይ የሚዘጉበት ዕድል ጠባብ ነው።

ፈጣን መስመር ላለውና ገንዘብ ለማይገደው፦ ሚኒ ኮምፒውተር። ከፍ ባለ ፍጥነትም አይንገዳገድም፤ የታገደውን ብቻ በታነል የሚሰድ ዝርዝርም በምቾት ይይዛል። ዋይፋዩን ግን ለሌላ ዕቃ ተዉለት፤ የሚኒ ኮምፒውተር ዋይፋይ ቤት አያዳርስም።

የትኛውንም ብትመርጡ ስልኮች ላይ ያለውን አፕ አታጥፉ። ከቤት ስትወጡ ያስፈልጋል፣ ራውተሩ የተዘጋ ቀንም መፍትሔ የምትፈልጉበት በር እሱ ነው። ፋርምዌሩን፣ የጥቅል ፋይሎቹን፣ የአፖቹን መጫኛና የራውተሩን ሴቲንግ ቅጂ ደግሞ መስመሩ ደህና እያለ አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። እገዳ ሲጠብቅ ቀድመው ከሚዘጉት ውስጥ የእነዚህ ፕሮጀክቶች ድረ ገጾች አሉበት።